የሰዓቱ ዋጋና «ገና ነህ» የሚለው ቃል

ሰኞ፣ ኅዳር ፮ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ዋጋዬን እንድናገር ተጠየቅሁ፤ አልተናገርሁም። አፌ አልታዘዘኝም።

ሐጂ ሰኢድ ከልጃቸው ከእንድሪስ ጋር ረፋዱ ላይ ቤቴ መጡ። ሐጂ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ናቸው፤ የጭነት መኪኖች አሏቸው፤ ቆላ አዋሽ ዳርም ከሸሪኮቻቸው ጋር የጥጥ እርሻ ይዘዋል። ለእርሻው አገልግሎት ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ሸራ የለበሰች ትንሽ አውሮፕላን ገዝተው ነበር። ያበርራት የነበረው ፈረንጅ ውሉ ሲያልቅ ወደ አገሩ ሄደ። ሐጂም «የሰው አገር ሰው ከምቀልብ ልጄ ይማራት» ብለው አውሮፕላኗን ወደዚህ አስመጧት። ከከተማው ዳር ካለው ሜዳ ላይ በገመድ ታስራ፣ በዘበኛ ተጠብቃ ታድራለች። በዚህ አካባቢ የበረራ ማስተማር ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ስለ ሆንሁ እንድሪስን አስረከቡኝ።

ይኸው ወር ሊሆነን ነው፤ ስለ ዋጋ ግን አንድም ቀን አልተነጋገርንም። እኔ ያደግሁት አንኮበር ከቅኔ ቤት ነው። የኔታ ከማንም ተማሪ ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም፤ ትምህርት የሚሸጥ ሰው በእኛ ዘንድ ጸበል ከሚሸጥ አይሻልም ነበር። በኋላም በመንግሥት ተልኬ በረራ ስማር፣ ቆይቼም ወጣቶችን ሳስተምር፣ ይከፍለኝ የነበረው መንግሥት ነው። ወር ሲሞላ ፈርሜ እቀበል ነበር፤ ከተማሪው ጋር ሒሳብ አልነበረንም። እንድሪስም እስከ ዛሬ ማርና በርበሬ፣ አንድ ጊዜም ሙክት አምጥቶልኛል። ተቀብያለሁ። የተማሪ ደንብ ነው።

ሐጂ ግን ይህ አልተዋጠላቸውም። «ሻምበል፣ ዋጋው ሳይነገር የተወሰደ ዕቃ ኋላ እጥፍ ያስከፍላል። ለእኔ ከውለታ ይልቅ ዕዳ ይቀለኛል፤ ዕዳ ልኩ ይታወቃል። ለአንድ ሰዓት ስንት ነው?» አሉኝ።

«የፈቀዱትን» አልሁ።

ሳቁ። «የፈቀድሁትንማ ከሰጠሁ ሻምበልን ዘረፍኋቸው ማለት ነው!»

ለነገ ቀጠሮ ወሰድሁ። ስልሳ ዓመት አልፎኝ፣ የቃል ትምህርቱን ሳያጠና እንደ ተጠራ ተማሪ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፯

ከጸሎት በኋላ ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ። የአንድ ሰዓት በረራ በውስጡ ምን ምን አለበት?

አየር ላይ ያለችው ሰዓት ራሷ።

ከመነሣታችን በፊት ሜዳው ላይ ቆሜ የማስረዳው።

ከወረድን በኋላ የማርመው።

ውርጩ ከአውሮፕላኗ ክንፍ ላይ እስኪለቅ የምንጠብቀው። ደብረ ብርሃን በኅዳር ይህ ቀላል አይደለም።

ፈቃዴን ለማሳደስ አዲስ አበባ እየወረድሁ ዓይኔንና ልቤን የምመረመርበት።

የተማሪው ስሕተት እኔንም የሚገድል መሆኑ። ይህን በቁጥር ማስገባት አልቻልሁም፤ ትቼዋለሁ።

አዲስ አበባ አንድ ፈረንጅ በሰዓት ሠላሳ ብር ይጠይቃል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከእርሱ ማነስ ያሳፍረኛል። ከእርሱ እኩል መጠየቅ ደግሞ ትክክል አይመስለኝም፤ እርሱ ቤት ይከራያል፣ እኔ የራሴ ቤት አለኝ፤ እርሱ አውሮፕላኑንም ራሱ ያቀርባል ይባላል። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ለአስካለ ባነብላት ወስፌዋን ሳታስቀምጥ ሰማችኝና «ሰማዩ ያው አንድ ሰማይ አይደለም እንዴ? ፈረንጁ የሚወድቀው ከእርስዎ ከፍ ብሎ ነው?» አለች። 

አሥራ ስምንት ብር ብዬ ቈረጥሁ። ምድር ላይ የማስተምረው አይቈጠር። እርሱን መሸጥ አልሆነልኝም።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ መጡ። ዋጋውን ስናገር ድምፄ ከሚገባው በላይ ጐልቶ ተሰማኝ።

«እንግዲህ ለሰላምታው ያህል አሥራ ሁለት ልበል» አሉ።

«ሐጂ፣ እኔ በግ አልሸጥም።»

«በግ ቢሆንማ ጥርሱን አይቼ ነበር የምገዛው!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ዋጋውን ግን አልነኩትም። ነጋዴ ናቸውና በሌላ በር ገቡ። ሰዓቷ የምትቈጠረው መንኰራኵሯ መሬት ከለቀቀበት እስከምትነካበት ብቻ ይሁን አሉ። «የእኔ መኪና ቆማ ስታጓራ የሚከፍለኝ የለም።» ስለ ጥቂት ደቂቃ መከራከር ውርደት መስሎ ታየኝ፤ እሺ አልሁ። ቤንዚኑ በእሳቸው ነው፤ በበርሜል ከአዲስ አበባ በመኪኖቻቸው ያስመጣሉ።

ተጨባበጥን። ቀለለኝ። እንዲህ ቀላል ከነበረ ወሩን ሙሉ ለምን ተጨነቅሁ?

ረቡዕ፣ ኅዳር ፰

ኀይለኛ ውርጭ። ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ዳር ያለው የዘገየ ገብስ ተመትቷል፤ ባለቤቱ ቆሞ ሲያየው አየሁ፤ አላናገርሁትም።

ከአውሮፕላኗ ክንፍ ላይም ስስ ሆኖ ጋግሯል። ስስ ነው ብለው የናቁ ሰዎች ሞተዋል። ክንፍ አየሩን የሚይዘው ገላው ለስላሳ ሲሆን ነው፤ ውርጭ የለበሰች አውሮፕላን ትሮጣለች እንጂ አትነሣም። በዚህ ከፍታ አየሩ ራሱ የሳሳ ስለ ሆነ ሞተሯ በቆላ የነበራት ጉልበት የላትም፤ ዕዳው እጥፍ ነው። በጆንያ ጠረግንላት፣ ቀሪውን ለፀሐይ ተውንላት፣ በጎቹንም ከመንደርደሪያው አባረርን። እንድሪስ ታዛዥ ልጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እጁ ቀና፣ ጆሮው ፈጣን።

ዙር ስንሠራ አረፈድን። ማለት ተነሥቶ፣ ሜዳውን ዞሮ፣ ማረፍ፤ ደግሞ መነሣት። እኔ ከኋላው ተቀምጬ እጮኽበታለሁ።

አንድ ነገር አየሁ። እንድሪስ የእጅ ሰዓቱን ያያል። እስከ ትናንትና ድረስ አይቶት አያውቅም። «ሻምበል፣ የዛሬው አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው፤ እንረፍ?» አለ። ወረድን። ባለፈው ሳምንት ነፋሱ ካልተነሣ በቀር ከመቀመጫው በግድ ነበር የማስወርደው።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፱

የዛሬውን እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ።

ሰዓቷ ልትሞላ ጥቂት ሲቀራት እንድሪስ ዙሩን አሳጥሮ ወደ ሜዳው አዞረ። ከፍ ብሎ፣ ፈጥኖ መጣ። ጎማዋ መሬቱን መታ፤ ነጠረች፤ ዳግመኛ መታች። መሪውን ነጥቄ አስተካከልኋት። ቆመን ሞተሩ ሲጠፋ ምን እንዳስቸኰለው ጠየቅሁት።

«ሰዓቱ» አለ፤ አፍሮ።

እውነቱን ነው። መንኰራኵሯ መሬት ሲነካ ሒሳቡ ይቆማል፤ ስለዚህ ልጁ መሬቱን ናፈቀ። ጥቂት ደቂቃ ብዬ የናቅሁት ውል ይህ ነው። ተማሪ ቶሎ መሬት በነካ ቍጥር የሚያተርፍበት ውል አስሬ፣ ማረፍን በትዕግሥት ላስተምረው እታገላለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከዚህ ይከፋል። ጆንያዎቹን እያጠፍን ሳለ «ብቻዬን የሚለቁኝ መቼ ነው?» አለኝ።

«ገና ነህ።»

«ስንት ሰዓት ይቀረኛል? አባቴ ይጠይቀኛል።»

«አላውቅም» አልሁት።

ሌላ ጆንያ አነሣ። ዓይኑን ከጆንያው ላይ ሳያነሣ እንዲህ አለ። «ሻምበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዋጋ ሳይኖረን ‹ጥቂት ነው የቀረህ› ብለውኝ ነበር። ዋጋው ከተቈረጠ ወዲህ ግን ‹አላውቅም› ሆነ።»

በድፍረት ቢናገረው እቈጣው ነበር። በአክብሮት ተናገረው። ባርኔጣዬን አንሥቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

አሁን ራሴን ልመርምር። ጥቂት ነው የቀረህ ብዬዋለሁ፤ አልክድም። ያችም ጥቂት አልተነቀለችም። ነፋሱ ወደ ቆላ ከሚወርደው ገደል በኩል የአውሮፕላኗን ጎን ሲመታው፣ ዓይኑን ከሜዳው ጫፍ አንሥቶ ከአፍንጫዋ ሥር ያለውን ሣር ያያል። ያን ጊዜ ከፍታው ይጠፋበታል። ይህ ጠባይ ዛሬ ይለቅቀዋል ወይስ ከሳምንት በኋላ፣ ማንም መምህር ሊናገር አይችልም። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ነኝ።

ነገር ግን ትናንት ከምሳ በኋላ የሚያፈሰውን ጣራዬን ቀና ብዬ አየሁና፣ የሚያስፈልገው ቆርቆሮ ስንት ሰዓት በረራ እንደሚሆን በልቤ አሰላሁ። ይህን ባላሰላ ኖሮ ለእንድሪስ በሙሉ አፍ እመልስለት ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲

ሐጂ ከጁምዓ ሰላት በኋላ መጡ። ፊታቸው እንደ ወትሮው አይደለም። ቆላ ያሉት ጥጥ ለቃሚዎች ደመወዛቸውን እየጠበቁ ነው፤ መንገዱ ከክረምቱ ወዲህ አልተጠገነም፤ መኪና ቀናት ይፈጅበታል፤ አውሮፕላኗ ግን እዚህ ታስራ ቆማለች።

«ሻምበል፣ ሚዛኑን ሻጭ ሲይዘው ገዢ ዓይኑን አይነቅልም» አሉ። «ወላሂ፣ ያጭበረብራሉ ማለቴ አይደለም።»

«ብለውኛል እንጂ።»

«አላልሁም። ብዬ ከሆነም እኔ ሳልሆን ንግዴ ነው ያለው።»

ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር አመጡ። በሰዓት መቍጠሩ ቀርቶ በቁርጥ እንጨርስ፤ እንድሪስ ብቻውን እስኪበር ድረስ ይህን ያህል ብር፤ በሳምንት ቢደርስ በወር ቢደርስ የእርስዎ ጉዳይ ነው አሉ። ብሩ ጥሩ ብር ነበር። ቆርቆሮውን ሸፍኖ ይተርፋል።

አሰብሁበት። በሰዓት ሲሆን «ገና ነህ» ባልሁ ቍጥር እጠቀማለሁ። በቁርጥ ሲሆን ደግሞ «ደርሰሃል» ባልሁ ቍጥር እጠቀማለሁ። የመጀመሪያው የሐጂን ገንዘብ ይጐዳል፤ ሁለተኛው ልጃቸውን ይገድላል።

«ሐጂ፣ ይህ ልጅዎን ብቻውን ለመልቀቅ ይከፍሉኛል ማለት ነው» አልሁ።

«ታዲያ የምከፍለው ለዚያ አይደለም?»

«አይደለም። ለመመለሱ ነው።»

በዚህ ተቈጡ። እኔም ተቈጣሁ፤ ሁለታችንም ነጭ ጠጕራችንን የማይመጥን ነገር ተናገርን። መጨረሻ ላይ ተነሥተው ቆሙና «ሰኞ ብቻውን ይነሣል። አውሮፕላኗ የእኔ ናት፤ ልጁም የእኔ ነው» አሉ።

«ፈቃዱ ላይ የሚፈርመው እጅ ግን የእኔ ነው።»

«ሜዳው ላይ ፊርማ የሚጠይቅ ማን አለ?»

የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ወጡ። እውነታቸውን ነው፤ ሜዳው ላይ ማንም የለም። ዘበኛውም የእሳቸው ነው። እንድሪስ ሰኞ ማለዳ ብቻውን ቢቀመጥባት እኔ ዳር ቆሜ ከማየት በቀር ምንም አይቻለኝም። ነፋሱም በዚህ ሰሞን ቀድሞ እየተነሣ ነው።

አስካለ እራት አቀረበችልኝ፤ አልበላሁም። «ከዋጋው ጋር ነው የተጣሉት ወይስ ከሰውየው?» አለችኝ። ከሁለቱም ጋር እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሰለለው ቃሌ ነው። ወር ሙሉ የታመነው «ገና ነህ» ዛሬ የባለ ሱቅ ቃል ሆነ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፩፣ አንኮበር

በማለዳ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወደ አንኮበር መጣሁ። ጉም ገደሉን ሞልቶት ቆላው አይታይም፤ በአውሮፕላን ቢሆን ዛሬ በዚህ በኩል ማለፍ አይሞከርም ነበር።

መሪጌታ ጽጌን ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው ጎጆው አገኘሁት። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ላይ የተማርን፣ ቍራሽ አብረን የለመንን ነን። እኔ ወጣሁ፤ እርሱ ቀረና ቅኔ ያስተምራል። ሁሉን ነገርሁት። በመጨረሻ «ጽጌ፣ ያ የኔታ ያስተማሩን ያለ ዋጋ ትምህርት ነው የሚሻለው። መቀበል አልነበረብኝም» አልሁት።

ሳቀብኝ። ጥርሱ ካለቀ ወዲህ ሳቁ ይባስ ብሏል።

«ተክሌ፣ አንተ ከሰማይ ላይ ሆነህ ነው እንዴ እኛን የምታየን? እኔ ከተማሪ ሳንቲም አልወስድም። ውሃዬን የሚቀዳው ማን ነው? እንጨቴን የሚፈልጠው? ባለፈው ዓመት አንድ ጐበዝ ነበረኝ፤ ጕልበቱ ለሁለት በሬ የሚበቃ። ቅኔው ከሞላለት ቆይቷል። እኔ ግን ‹ገና ነህ› አልሁት፤ አጥሬ አላለቀማ!»

«እና ቆየ?»

«አጥሩ እስኪያልቅ። በኋላ ነቃብኝና ሄደ፤ ደግ አደረገ። የኔታም ቢሆኑ አንተን ሁለት ክረምት ያቈዩህ ቅኔህ ጐድሎ መስሎሃል? ድምፅህ ለማኅሌት ያምር ነበር፤ ለዚያ ነው።»

 አምሳ ዓመት ሊሞላ በቀረበ ጊዜ ውስጥ፣ እነዚያን ሁለት ክረምቶች ስለ ራሴ ጕድለት የተቀጣሁባቸው አድርጌ ነበር የያዝኋቸው።

መሪጌታ ግን ለማዘን ጊዜ አልሰጠኝም። ከእነርሱ ዘንድ የታወቀው ደንብ፣ መምህር በገዛ ተማሪው ላይ ሲያመነታ ወደ ሌላ መምህር ልኮ ማስፈተሽ ነው አለኝ። ያንተስ ተማሪ ወደ ማን ይላካል? አለኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሌላ አብራሪ የለም። ከአዲስ አበባ አስጠራለሁ ብል እስከ ሰኞ አይደርስም።

«እንግዲያው» አለ፣ «ፈራጁን መለወጥ ካልተቻለህ ጥቅሙን ለውጠው። ልጁ ‹ደረስሁ› ባለበትና አንተ ‹አዎን› በምትልበት መካከል ያለው ጊዜ ላይ ምንም አታግኝበት። ሌላውን ጊዜ ግን ሳታፍር ተቀበል። ቀድሞስ ቢሆን ማን በነፃ አስተማረ?»

እዚሁ አድራለሁ። ነገ ማለዳ የሚመለስ መኪና አለ።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል

ቅዳሴ ደረስሁ። ከዚያ በኋላ ሐጂ ደብረ ብርሃን ሲመጡ የሚያርፉበት ቤት ድረስ በእግሬ ሄድሁ። ሁልጊዜ ወደ እኔ የሚመጡት እሳቸው ነበሩ። ይህ መንገድ ለእኔ ቀላል አልነበረም።

በሩ ላይ ሲያዩኝ ተነሡ። «ሻምበል በእግራቸው! ምነው፣ ደኅና ነው?»

ገብቼ ሳልቀመጥ ያሰብሁትን ተናገርሁ። ሰዓቷ ከእንግዲህ የምትቈጠረው ሞተሩ ከተነሣበት እስኪጠፋበት ይሁን፤ ልጁ መሬት ለመንካት የሚቸኵልበት ምክንያት አይኑረው። በዚያው ልክ ዋጋው ወደ አሥራ አምስት ይውረድ። ሌላው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ እንድሪስ «ደርሻለሁ» ካለበት ቀን ጀምሮ እኔ እስክለቀው ድረስ ያለው ሰዓት ሁሉ አይከፈለኝም። ሐሙስ ጠይቆኛል፤ ይህ «ደርሻለሁ» እንዳለ ይቈጠርለት፤ ስለዚህ ነገ የሚበረው በነፃ ነው።

ሐጂ መቍጠሪያቸውን በጣታቸው እያንከባለሉ አሰቡ። የነጋዴ ዓይናቸው ቀዳዳውን ወዲያው አገኘው። «እንግዲያው ልጄ ከመጀመሪያይቱ ቀን ‹ደርሻለሁ› እያለ ሁሉን በነፃ ቢማርብዎስ?»

«ይችላል። እኔ ጕልበቴን እከስራለሁ፤ እርስዎም ቤንዚንዎን ይከስራሉ። ቤንዚኑ ደግሞ በዚህ ከፍታ ምን ያህል እንደሚበላ ያውቃሉ።»

መቍጠሪያው ቆመ።

«ሻምበል፣ ስንት ውል ተዋውያለሁ፤ ሁለቱም ወገን የሚከስርበት ውል ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው!»

«ሌባ የለበትም።»

«ሌባማ ምን ሊያገኝ ይገባበታል!» ብለው ጭናቸውን መቱ። እንድሪስ ከማእዘን ቆሞ ነበር፤ እርሱም ሳቀ፤ አባቱ ሲያዩት ግን ሳቁን ዋጠው።

ሰኞ ብቻውን ይነሣል ስላሉት ነገር እኔ አላነሣሁባቸውም። እሳቸውም አላነሡትም። ስሸኝ ግን በሩ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያለኝ ወንድ ልጅ እርሱ ብቻ ነው» አሉኝ። እጃቸውን ጨበጥሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፫

ውርጩ ቀለል ያለ። ነፋሱ ግን ከፀሐይ ጋር እኩል ተነሣ።

አምስት ዙር ሠራን። የእጅ ሰዓቱን አላደረገም። የመጀመሪያው ማረፍ ደኅና፤ ሁለተኛው ደኅና። በሦስተኛው ነፋሱ ከገደሉ በኩል መታን፤ ዓይኑ እንደ ልማዱ ወደ ሣሩ ወረደ፤ እንደ ልማዱም ነጠርን። አልተቈጣሁም። በነፃ ስለ ሆነ እንደማልቈጣ እንዳይመስለው ብዬ ቀጥሎ ተቈጣሁት።

አራተኛው ላይ ነፋሱ እንደገና መታን። ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። ሳልነካው ጋዙን ሰጣት፤ አፍንጫዋን ቀና አደረገ፤ ሳያርፍ ተነሥቶ እንደገና ዞረ። አላዘዝሁትም። አምስተኛውን ሲመጣ ከኋላው ሆኜ አንገቱን ብቻ ነበር የማየው። አንገቱ ወደ ሜዳው ጫፍ ቀንቶ ቀረ። በጎን ነፋስ ለስለስ አድርጎ አሳረፋት።

 ገመዱን አስሮ ሲጨርስ «ሻምበል፣ ሐሙስ የጠየቅሁትን ትቼዋለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«‹ደርሻለሁ› ያልሁትን። ሦስተኛው ላይ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ምን እንደምሆን አየሁ። ከነገ ጀምሮ ሰዓቱ ይቈጠርብኝ። ለአባቴ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ብዙ ተማሪ አስተምሬአለሁ። «ልቀቁኝ» ያላለኝ የለም። «አትልቀቁኝ፣ እከፍላለሁ» ብሎኝ የሚያውቅ ግን የለም። «መልካም፣ ይቈጠራል» ብዬው ሄድሁ።

ዛሬ ወደ አልጋዬ የገባሁት ቀድሜ ነው፤ ይህን የምጽፈው አስካለ መብራቱን ሳታጠፋብኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፬

ነፋስ የለም። በኅዳር እንዲህ ያለች ማለዳ እምብዛም አትገኝም።

ሐጂም መጥተው ነበር፤ ልጃቸው ነግሯቸው ኖሮ ከመኪናቸው አጠገብ ቆመው ቀሩ። ክንፏን ጠረግን። አንድ ዙር አብረን ሠራን፤ የተቈጠረ ዙር ነው። መልካም አረፈ። ሞተሯ እየሠራች ሳለ ቀበቶዬን ፈትቼ ወረድሁ።

እንድሪስ ዞሮ አየኝ። ገና አልገባውም።

«ያለ እኔ ቀላል ናት፤ ሳታስባት ትነሣለች። ስታርፍም አልወርድ ትልሃለች፤ አትጣላት፣ ታገሣት። ካላማረህ አትረፍ፤ ዙር» አልሁት።

«ሻምበል፣ እኔ እኮ ጥያቄዬን ትቼዋለሁ...»

«አንተ ትተወዋለህ፤ የምወስነው እኔ ነኝ። ሂድ!»

በሩን ዘጋሁና ከጅራቷ ርቄ ቆምሁ። ሮጠች፤ እኔ ከምጠብቀው ቀድማ ከሣሩ ተላቀቀች። ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ከጎኔ ሐጂ ደርሰው ኖሮ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዱዓ ነው። እኔም በልቤ የራሴን ጸሎት አደረስሁ። ሁለት ሽማግሌዎች አንገታችንን ሰቅለን ዞርን፤ እርሷ በዞረች ቍጥር። ጫማዬ ውስጥ ውርጩ ቀልጦ ገብቶ ነበር፤ በኋላ ነው ያወቅሁት።

ሲመጣ ከፍ አለ። ሐጂ ክንዴን ያዙኝ። «ምን ሆነ? ሻምበል፣ ምን ሆነ?»

«ዝም ይበሉ» አልኋቸው። ለሐጂ እንዲህ መናገር አይገባኝም ነበር።

አልወረደም። ጋዙን ሰጣት፤ በራሳችን ላይ አልፎ ዳግመኛ ዞረ። ሐጂ እንደዚያ ሲሆን ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ ልክ የሠራው አሁን ነው ብነግራቸውም አላመኑኝም። በሁለተኛው ከዛፎቹ በላይ ዝቅ ብሎ መጣ፤ ሜዳው ላይ ተንሳፈፈች፤ ታገሣት፤ ታገሣት፤ ከዚያም ጎማዋ ሣሩን ነካ። አልነጠረችም።

ሐጂ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

እንድሪስ ወርዶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ቀና አደረግሁትና ለምን የመጀመሪያውን እንደ ተወው ጠየቅሁት። «አላማረኝም» አለ። ሌላ ማብራሪያ አልፈለግሁበትም።

ከዚያ በኋላ ሐጂ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። «አሁንስ ጨረሰ?»

ይህን ጥያቄ እፈራው ነበር። «አልጨረሰም። ይህ ሜዳው ነው። ከገደሉ ወደ ቆላ መውረድ አለ፤ ከቆላው ሙቀት ጭነት ይዞ ወደ ደጋ መውጣት አለ። እዚያ ነፋሱ ሌላ ነው። ያን ሳያውቅ ወደ እርሻው ብቻውን አይሄድም። የለቃሚዎቹን ደመወዝ ዘንድሮ በመኪና ይላኩት።»

ጥጡን እያሰቡ እንደ ሆነ አውቃለሁ። አውሮፕላኗን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ።

«በዚያው ዋጋ ነው?»

«በዚያው ዋጋ፤ በዚያው ውል።»

«መልካም» አሉ፤ ወደ መኪናቸውም ገቡ። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አልጠየቁኝም።